በመዳፍ ላይ የጻፈችው መምህርት፤ የአን ሱሊቫን ታሪክ

ከማስተማር ልምምድ በተመለስንበት ሰሞን በመኝታ ክፍላችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ሲነሳና ሲወድቅ ከረመ። መምህር ከሥራው የሚያገኘው ምንድን ነው? አንዳንዶቻችን ደመወዙን ቆጥረን ሳቅን። አንዳንዶቻችን የምንመደብበትን ገጠር አስበን ዝም አልን። ከመካከላችን አንዱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ማካፈል ያቃተው ልጅ በአራተኛው ቀን ስሌቱን ሠርቶ ደብተሩን ይዞለት ሲመጣ ምን እንደተሰማው ሊነግረን ሞከረ። ጀመረና ቃሉ አልመጣ አለው፤ ተወው። እኛም ያን የጠፋ ቃል ስንፈላልግ ነው ወደ አን ሱሊቫን ታሪክ የደረስነው።

ስለ ሄለን ኬለር ያልሰማ ተማሪ ብዙ የለም። ማየትም መስማትም ሳትችል ተምራ ኮሌጅ የጨረሰች፣ መጻሕፍት የደረሰች፣ አገር ላገር እየዞረች ስለ ዓይነ ስውራን መብት የተናገረች አሜሪካዊት ነበረች። የእርሷ ስም ሲነሳ ግን እጇን ይዛ ያስተማረቻት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ትቀራለች። ያቺ መምህርት ሥራዋን ስትጀምር ዕድሜዋ ገና ሃያ ዓመት ነበር። ማለትም የእኛው እኩያ ነበረች። ከዚያ በፊት አንድም ቀን በመምህርነት አልሠራችም። እኛ እንኳ ጥቂት የልምምድ ሳምንታት አግኝተናል! ታሪኳን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አን ሱሊቫን የተወለደችው ኤፕሪል 14 ቀን 1866 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ፊዲንግ ሂልስ በተባለች መንደር ነው። ወላጆቿ ከአየርላንድ የተሰደዱ ድሆች ነበሩ። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ትራኮማ ያዛት። ይህ በሽታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን ሲወጋው፣ ወረንጦ አስይዞ ፀጉሩን የሚነቅልለት ሰው የሚፈልግ ሽማግሌ በየሰፈራችን ያላየ ማን አለ? ይኸው በሽታ የትንሿን አን ዓይን ሊያጠፋው ምንም አልቀረው።

ስምንት ዓመት ሲሆናት እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። አባትየው ልጆቹን ማሳደግ አልቻለም። በፌብሩዋሪ 1876 ዓ.ም. አን ከታናሽ ወንድሟ ከጂሚ ጋር ቴውክስበሪ ወደሚባል የድሆች መጠለያ ተላከች። መጠለያው በሽተኛው፣ አእምሮው የታወከው፣ ጧሪ ያጣው ሁሉ በአንድነት የታጎረበት ስፍራ ነበር። ጂሚ የዳሌ አጥንት ነቀርሳ ነበረበትና ጥቂት ወራት ሳይቆይ እዚያው ሞተ። አን ብቻዋን ቀረች። በዚያ ቦታ አራት ዓመት ኖረች፤ አንድም ቀን ግን አልተማረችም።

እንዴት ወጣች? ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት መኖሩን ከሰው ሰምታ ነበር። አንድ ቀን የክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣናት መጠለያውን ሊመረምሩ መጡ፤ መሪያቸው ፍራንክ ሳንቦርን ይባል ነበር። አን የሰዎቹን ድምፅ እየሰማች ከክፍል ክፍል ተከተለቻቸው። መልካቸውን ለይታ ማየት አትችልም። ሊሄዱ ሲሉ መካከላቸው ገብታ ትምህርት ቤት መግባት እፈልጋለሁ ብላ ጮኸች። ጩኸቷ ተሰማላት።

በኦክቶበር 1880 ዓ.ም. ያን ጊዜ ቦስተን ከተማ ይገኝ በነበረው የፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም። ከትንንሽ ልጆች ጋር ተቀመጠች። ሳቁባት። እርሷም ደግሞ የዋዛ አልነበረችም፤ ትመልሳለች፣ ትቆጣለች፣ ሕግ ትጥሳለች። ከመባረር ለጥቂት የተረፈችበት ጊዜ ሁሉ ነበር። ደግነቱ ከቁጣዋ በስተኋላ ያለውን አይተው የታገሡላት አስተማሪዎችም ነበሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። በልምምድ ክፍላችን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የረበሸን፣ በስም ዝርዝራችን ላይ ምልክት ያደረግንበት ልጅ ማን ነው? ከየትኛው ቴውክስበሪ እንደመጣ ጠይቀን ነበርን?

በትምህርት ቤቱ ሳለች ዓይኗ ተደጋግሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና የታተመ ጽሑፍ ለማንበብ በቃች። ሌላም ነገር ተማረች። በዚያ ግቢ ሎራ ብሪጅማን የምትባል፣ ማየትም መስማትም የማትችል ሴት ትኖር ነበር። ሎራ ሳሙኤል ሃው የተባለው ሐኪም ከ1837 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተማራት፣ በአሜሪካ ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ቋንቋ በመማር የመጀመሪያዋ ናት። ከሰው ጋር የምትነጋገረው በመዳፍ ላይ በሚጻፍ የጣት ፊደል ነው። አን ፊደሉን ተምራ ከሎራ ጋር ታወራ ነበር። ይህ ለጊዜው ጨዋታ ይመስል ነበር። በ1886 ዓ.ም. አን ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ተመረቀች፤ በምረቃው ቀንም ንግግር ያደረገችው እርሷ ነበረች። ግን ከዚያ በኋላ የት ትሂድ? ቤት የላት፣ ዘመድ የላት፣ ሥራ የላት። ያ ጭንቀት ለእኛ አዲስ አይደለም።

በዚያው ዓመት ከደቡብ፣ ከአላባማ፣ አንድ አባት ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። ሴት ልጁ ሄለን ኬለር በተወለደች በአሥራ ዘጠኝ ወሯ ታማ ዓይኗንም ጆሮዋንም አጥታለች። ምክሩን የሰጠው የስልክ ፈልሳፊ የሚባለው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነበር። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ማይክል አናግኖስ አንን መረጣት። እርሷም ሃው ስለ ሎራ ያስቀመጠውን የማስተማር መዝገብ ለወራት ስታነብ ቆየችና ማርች 3 ቀን 1887 ዓ.ም. ተስከምቢያ ከተባለችው ከተማ ደረሰች። ሄለን ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ይቀሯት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታሪክ ለጀማሪ መምህር መድኃኒት ነው። ለምን ቢባል ምንም አልሠመረምና ነው! ሄለን አዲሲቷን መምህርት ክፍል ውስጥ ቆለፈችባትና ቁልፉን ደበቀች። አባትየው መሰላል አምጥቶ በመስኮት አወረዳት። እንግዲህ መምህርቷ በሥራዋ መጀመሪያ ሰሞን በመስኮት ስትወርድ አስቧት! ምግብ ሲቀርብ ሄለን እየዞረች ከየሰዉ ሳህን በእጇ ትዘግናለች፤ ቤተሰቡ አዝኖላት ዝም ይላታል። አን ግን አልፈቀደችም። ቤተሰቡ ከክፍሉ ወጣ። ልጅቱ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ቆነጠጠች፣ ማንኪያ ወረወረች። ብዙ ትግል ከፈጀ በኋላ ሄለን በማንኪያ በላች፤ የአፍ መጥረጊያ ጨርቋንም አጠፈች። አን ክፍሏ ገብታ አለቀሰች።

ከዚያ ምን አደረገች? ቤተሰቡ ባለበት ልጅቱን ማረም እንደማይቻል ስለተረዳች ከዋናው ቤት ትንሽ ራቅ ወዳለ የአትክልት ስፍራ ቤት ይዛት ልትወጣ ፈቃድ ጠየቀች። ሄለን ቦታውን እንዳታውቀው በሠረገላ ዙሪያውን አዙረው አመጧት። በዚያም ሁለት ሳምንት ያህል አብረው ቆዩ። በነዚያ ቀናት ሄለን ማዳመጥን፣ ጥቂት መታዘዝን ለመደች። በመዳፏ ላይ የሚጻፉትንም ፊደሎች መልሳ ትጽፍ ነበር። ነገር ግን ትርጉማቸውን አታውቅም። ለእርሷ የጣት ጨዋታ ብቻ ነበር። እኛም በልምምድ ጊዜ ይህን አይተናል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግምልናል፣ እኛም ደስ ይለናል፣ ሲጠየቅ ግን አንዱም አልገባውም።

ኤፕሪል 5 ቀን 1887 ዓ.ም. ሆነ። በዚያን ጠዋት ሄለን ውሃንና ውሃ የሚጠጣበትን ዕቃ መለየት አቅቷት ተናደደችና አዲሱን አሻንጉሊቷን መሬት ላይ ከሰከሰችው። ስብርባሪው እግሯን ሲነካት ደስ አላት እንጂ አላዘነችም። አን ስብርባሪውን ጠርጋ ልጅቱን ወደ ውጭ ወሰደቻት። በውሃ ፓምፑ ዘንድ ሰው ውሃ እየሳበ ነበር። አን የሄለንን አንድ እጅ ከሚወርደው ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አድርጋ በሌላው መዳፏ ላይ ውሃ የሚለውን ቃል ጻፈችላት። በመጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥላም በፍጥነት ደጋግማ ጻፈች። ልጅቱ ደርቃ ቆመች። ፊቷ ተለወጠ። ይህ የሚፈሰው ቀዝቃዛ ነገር ስም እንዳለው፣ ነገር ሁሉ ስም እንዳለው በዚያች ቅጽበት ገባት።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት! መሬቱን ነክታ ስሙን ጠየቀች፤ ፓምፑን ጠየቀች፤ በመጨረሻም ዞር ብላ መምህርቷን ነካችና የእርሷን ስም ጠየቀች። አን በመዳፏ ላይ መምህር ብላ ጻፈችላት። ሄለን ዕድሜዋን ሙሉ በዚሁ ስም ጠራቻት። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሠላሳ ያህል አዳዲስ ቃላት አወቀች። ወደ ቤት ሲመለሱ ሄለን የሰበረችውን አሻንጉሊት አስታወሰች። ስብርባሪውን በእጇ እየዳሰሰች ልትገጣጥመው ሞከረች፤ አልሆነም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሠራችው ነገር ተጸጽታ አለቀሰች። እኛን ከሁሉ የበለጠ የነካን ይህ ነው። ልጅቱ ከቃል ጋር ጸጸትን፣ ከጸጸትም ጋር ሰውነትን አገኘች።

በዚያች ሌሊት ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ሄለን እስከዚያ ቀን ድረስ የመምህርቷን መሳም እምቢ ስትል ነበር። አን አልጋዋ ላይ እንደወጣች ልጅቱ ማንም ሳያስገድዳት ቀስ ብላ መጥታ አቀፈቻትና ሳመቻት። አን ይህን ለጓደኛዋ በደብዳቤ ስትገልጽ ልቧ በደስታ ሊፈነዳ እንደደረሰ ጻፈች። ከመኝታ ክፍላችን ጓደኛችን የጠፋው ቃል ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ለዚያች መምህርት በመጀመሪያው ወሯ የተከፈላት ትልቁ ደመወዝ ይኸው ነበር።

ታሪኩ ግን በውሃ ፓምፑ አያልቅም። ብዙ ሰው የሚያወሳው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ለእኛ ለመምህራን የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አን በሰዓት የተከፋፈለ ትምህርት ጀምራ ነበር፤ አላስኬዳትም፤ ተወችው። ገና አፍ መፍታት የጀመረች አንዲት የሄለን ዘመድ ሕፃን ነበረች። አን ያቺን ሕፃን ተመለከተች። ሕፃን ቋንቋ የሚማረው ቃል በቃል እየተቆጠረለት አይደለም፤ ሰዎች ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲነጋገሩ ሰምቶ ነው። ስለዚህ እርሷም ለሕፃን እንደሚወራ ሁሉ ቀኑን ሙሉ በሄለን መዳፍ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመረች። ትምህርቱም ብዙ ጊዜ ከደጅ ነበር። በቴነሲ ወንዝ ዳር በጠጠር ግድብ ሠሩ፤ በጭቃ ተራራና ሸለቆ እየሠሩ ጂኦግራፊ ተማሩ። ይህን ለማድረግ ምን ገንዘብ ያስፈልጋል? ጠጠርና ጭቃ የሌለበት ገጠር የለም።

መከራም አልቀረላቸውም። ሄለን በ1891 ዓ.ም. አንድ ተረት ጽፋ ለአናግኖስ በስጦታ ላከች። ተረቱ ከዓመታት በፊት በጣት ፊደል ተነቦላት ከረሳችው ከሌላ ደራሲ ሥራ ጋር የተመሳሰለ ሆኖ ተገኘ። በ1892 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ መምህርቷ በሌለችበት በትምህርት ቤቱ ሰዎች ፊት ቀርባ ተመረመረች። ጥርጣሬው መምህርቷ ላይም ነበር። ጥፋተኛ ናት ብለው ባይወስኑም የልጅቱ ልብ ተሰበረ፤ ለብዙ ጊዜም የጻፈችውን ሁሉ የራሴ ይሆን አይሆን እያለች ትጠራጠር ነበር። ጋዜጦች በበኩላቸው ስለ ልጅቱ ያልሆነውን ሁሉ እያጋነኑ ይጽፉ ነበር፤ አን ግን ይህን ማጋነን አትወደውም ነበር። ለተማሪ እድገት ውሸት መጨመር ተማሪውን መጉዳት መሆኑን ታውቅ ነበርና።

በ1900 ዓ.ም. ሄለን ራድክሊፍ ኮሌጅ ገባች። አን ከጎኗ ተቀምጣ የመምህራኑን ንግግር በመዳፏ ላይ ትጽፍላታለች፤ በብሬይል ያልተዘጋጁትን መጻሕፍትም እያነበበች በጣት ፊደል ታስተላልፍላታለች። በዚህ ሥራ የታመመ ዓይኗ የባሰ ተጎዳ። ሄለን በ1904 ዓ.ም. በማዕረግ ተመረቀች። ዓይነ ስውርም መስማት የተሳነውም ሆኖ የባችለር ዲግሪ ሲያገኝ እርሷ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ያንን ሁሉ ትምህርት አብራ የተከታተለችው አን ግን አንዲት ወረቀት አላገኘችም። በ1931 ዓ.ም. ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ለሁለቱም የክብር ዲግሪ ሊሰጥ ሲል አን እምቢ ብላ ነበር፤ የተቀበለችው በዓመቱ ተለምና ነው።

የግል ሕይወቷ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1905 ዓ.ም. የሄለንን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ በማሰናዳት የረዳቸውን ጆን ሜሲን አገባች፤ ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ ተለያዩ። ገንዘብ ሲያጥር ሁለቱ ሴቶች ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በቲያትር መድረክ ላይ እየወጡ ታሪካቸውን ለተመልካች አሳዩ። በመጨረሻ የአን ዓይን ፈጽሞ ጠፋ። ያን ጊዜ ለራሷ የብሬይል ንባብ ስትቸገር ያገዘቻት ማን ይመስላችኋል? ሄለን ናት። ተማሪዋ መምህር ሆነች። አን ሱሊቫን ኦክቶበር 20 ቀን 1936 ዓ.ም. በሰባ ዓመቷ ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈች፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ሄለን እጇን ይዛ ነበር። አመዷ በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ተቀመጠ። ሄለንም በ1968 ዓ.ም. ስታርፍ ከመምህርቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ይህን ታሪክ ባነበብንበት ምሽት በመካከላችን ክርክር ተነሳ። አንዳንዶቻችን፣ እርሷ አንዲት ተማሪ ብቻ ይዛ አርባ ዘጠኝ ዓመት ቆየች፤ እኛ በአንድ ክፍል የታጨቁ ልጆች ይጠብቁናል፤ እንዴት እንወዳደራለን አልን። ይህ እውነት ነው፤ ልንክደው አይገባም። አንዳንዶቻችን ደግሞ፣ መምህር ተማሪውን ራሱን አስችሎ መልቀቅ አለበት እንጂ ዕድሜ ልኩን አብሮ መኖር አለበት ወይ ብለን ጠየቅን። በዚህ ላይ አልተስማማንም። አንዳችን እንዳለው ግን ሄለን በራሷ አእምሮ አሰበች፤ ስለ ሴቶች መብትና ስለ ሠራተኞች ኑሮ ይዛው የተነሳችው አቋም የራሷ ነበር። አን እጇን ሰጠቻት እንጂ ሐሳቧን አልወሰደችባትም። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በአንድ ነገር ግን ሁላችንም ተስማማን። አን ሱሊቫን የተለየ ፍጡር ስለነበረች አይደለም የተሳካላት። አንደኛ፣ ልጅቱን ተመለከተች፤ መጽሐፉ ከልጅቱ ጋር ሲጣላ መጽሐፉን ዘጋችው። ሁለተኛ፣ በማዘን ብቻ አላለፈቻትም፤ የምታዝንላት ልጅ በማንኪያ እንድትበላ አደረገች። ሦስተኛ፣ ራሷ የተሳቀባት ልጅ ስለነበረች ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚመስለው ታውቅ ነበር። ከመካከላችን ተስቆበት የማያውቅ አለ? ጫማ ሳያደርግ ትምህርት ቤት የሄደ፣ በአነጋገሩ የተሾፈበት፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ላብ ያጠመቀው የለም? እንግዲያው ያ ቀን ከንቱ አልነበረም ማለት ነው። ለሥራችን የተሰጠን መሣሪያ ነው።

ታዲያ መምህር ከሥራው የሚያገኘው ምንድን ነው? ደመወዙ ያው ደመወዝ ነው፤ መንገዱም ያው መንገድ ነው፤ በዚህ ራሳችንን አናታልልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የመምህር ዋጋም በአንድ ቀን አይታይም። ግን አንድ ቀን፣ ምናልባት በአራተኛው ቀን፣ ምናልባት በአራተኛው ዓመት፣ አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ፊቱ ይለወጣል። ያን ፊት ያየ መምህር ሌላ ምስክር አያሻውም።

ጓደኛችን ከዚያ ምሽት በኋላ የማካፈል ስሌቱን የሠራውን ልጅ ስም በደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፎ አስቀምጧል። እኛም ከምደባ በኋላ እንዲሁ ለማድረግ ተስማምተናል። ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ ስም ይኑረን። ውድ የሙያ ጓደኞቻችን፣ እናንተም ሞክሩት። መልካም የትምህርት ዘመን!